ሰሌዳ ላይ የወጣ ስም፦ የግል መረጃ በመንግሥት መዝገብ፣ ከሰሜን ሸዋ ሲታይ

ደብረ ሲና ላይ መኪና ቆሞ ቆሎ ሳይገዛ የሚያልፍ ጥቂት ነው። እኔም ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የመንግሥት ቅጽ ሆኖ አገኘሁት። ሙሉ ስም፣ ዕድሜ፣ የእናት ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ፣ መጨረሻው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተረገጠ የጣት አሻራ። አሥራ አንድ ሰው ቆጠርኩ። ቆሎ ሻጯ ምንም አላጠፋችም፣ አሮጌ ወረቀት ነው የገዛችው። ያጠፋው ቅጹን ሳይቀዳድድ ያስወጣው መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀቱን ቤት ወስጄ አቃጠልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ግን የቀበሌ ሰሌዳ ባየሁ ቁጥር ቆሜ አነባለሁ።

ሰሜን ሸዋ ስል የአማራ ክልሉን ነው፣ በኦሮሚያም በዚሁ ስም ዞን አለ። ከመንዝ እስከ ምንጃር ያለ አንድ ገበሬ ስሙ ያልተጻፈበት መዝገብ የለም ማለት ይቻላል፤ የመሬት ደብተር አለው፣ ግብር ይከፍላል፣ የጤና መድን አባል ነው፣ ልጁ ሲወለድ ወሳኝ ኩነት ያስመዘግባል፣ ፍርድ ቤት ከሄደ መዝገብ ይከፈትለታል፣ አሁን ደግሞ ዲጂታል መታወቂያው፣ ፋይዳ መጣ።

ከሁሉም የመሬቱ መዝገብ ልዩ ነው። አረንጓዴው ደብተር የባልና የሚስት ፎቶ አለበት፣ የማሳው ስፋት አለበት፣ አዋሳኞቹም በስም ተጽፈዋል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ። ስለዚህ የአንድ ሰው ደብተር የጎረቤቶቹም መረጃ ነው። በሁለተኛው ዙር ልኬታ ጊዜ ደግሞ ካርታውና የባለይዞታዎች ስም ዝርዝር ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ለሕዝብ ይታያል። ይህ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። መሬት ላይ ምስጢር ከተፈቀደ የሚጎዳው ደካማው ነው፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿ አዲስ አበባ የገቡባት ሴት ድንበሯ ሲገፋ የምትይዘው ያንን ዝርዝር ነው።

ለችግረኛ ቤተሰቦች ድጋፍ የሚሰጠው ሴፍቲኔትም እንዲሁ። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ ተጠቃሚው በማኅበረሰቡ ይመረጣል፣ ዝርዝሩ ይለጠፋል፣ የቀረ ይግባኝ ይላል። ባይለጠፍ ዘመድ ለዘመድ ይሠራ ነበር። ግን እስቲ አስቡት፦ ይግባኙ ካለቀ ከወራት በኋላ ዝርዝሩ አሁንም ግድግዳው ላይ አለ። ከስሙ ጎን «አካል ጉዳተኛ»፣ «ታማሚ»፣ «ረዳት የሌላት» ይላል። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከጓደኞቿ ጋር በዚያ በኩል ነው የምታልፈው። ለማጣራት ስምና ጎጥ ይበቃ ነበር። ሕመሙ ኮሚቴው ዘንድ ባለው ቅጽ ላይ ይቅር፣ ወረቀቱም የይግባኙ ቀን ሲያልፍ ይነሳ።

መሥሪያ ቤቶቹ ይህን ሁሉ የሚደረድሩት በክፋት አይደለም። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ አንድ ቀበሌ ውስጥ በሦስቱም የሚገናኙ ሁለት ሰዎች አይጠፉም። እነሱን ለመለየት ሲባል የእናት ስም ይጨመራል፣ ስልክ ይጨመራል። የእናት ስም ግን ባንክ ሒሳብ ስንከፍትም የምንጠየቀው ነው። «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ ሙሉ ስምንና የእናትን ስም አስተካክሎ የሚጠራን አጭበርባሪ ማን ይጠረጥራል? ማመልከቻ ሲገባ ተራ ቁጥር ሰጥቶ ያንን ቁጥር መለጠፍ ችግሩን ይፈታዋል። ዩኒቨርሲቲዎች ውጤት ሲለጥፉ የተማሪውን መታወቂያ ቁጥር እንደሚጠቀሙት ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው የስልክ ካሜራ ነው። በወረቀት የተለጠፈ ዝርዝር የደብረ ብርሃን ንፋስና ዝናብ ይወስደዋል። ፎቶ ተነስቶ ቴሌግራም ላይ የወጣ ግን ማንም አይሰበስበውም።

ሕጉስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት ይከበር ይላል፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የማግኘት መብትን ያስቀምጣል። ሁለቱን ለማስታረቅ የሞከረው አዋጅ 590/2000 ነው፤ ማንኛውም ሰው የመንግሥትን መረጃ መጠየቅ ይችላል፣ የሌላ ሰውን የግል መረጃ ያለ አግባብ የሚያወጣ ሲሆን ግን ጥያቄው ውድቅ ይደረጋል። መረጃ የተከለከለ ሰው የሚያቀርበውን አቤቱታ የሚያየው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321 ወጣ። ይህኛው በቀጥታ ስለ ጉዳያችን ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል፤ መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ ይዋል፣ ከሚያስፈልገው በላይ አይሰብሰብ፣ ካስፈለገው ጊዜ በላይ አይቆይ ይላል። ጤናን የመሰለው መረጃ የበለጠ ጥበቃ አለው። የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ፋይዳ ላይም አንድ ጥሩ ነገር አለ። ብሔርና ሃይማኖት አይጠየቅበትም። ዋናው ቁጥር 12 አሃዝ ነው፤ እሱን ለማንም እንዳንሰጥ ተብሎ 16 አሃዝ ያለው ተለዋጭ ቁጥር ተዘጋጅቷል። ኮፒ ቤት ሄደን መታወቂያ ስናስነሳ ግን ፋይሉ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል። ቆሞ «አጥፋልኝ» ማለት ነው፣ የኮፒ ቤቱ ልጅ አይከፋውም።

ቀበሌ ስንሄድም መጠየቅ ይቻላል። ይህ ቅጽ ለምንድን ነው? ማን ያየዋል? ስሜ የተሳሳተ ከሆነ ማን ያርምልኛል? ማረም መብት ነው፣ ልመና አይደለም። ሊቀመንበሩን የምታውቁት ከሆነ ደግሞ የሰሌዳውን ነገር አንሱበት፤ «ጋሼ፣ ያ የጥር ዝርዝር አሁንም አለ፣ ቢነሳ ምን ይመስልዎታል?» እኔ ባለፈው ወር እንዲህ ብዬ ጠይቄ፣ ሰውዬው ራሳቸው ወጥተው ገነጠሉት፣ አጣጥፈውም መዝገብ ቤት አስገቡት።