«ጥልፍ ለሐበሻ ቀሚስ ነው» እና ሌሎች የምሰማቸው ስህተቶች

ጅማ መርካቶ ውስጥ ሁሌ ክር የምገዛበት ሱቅ አለ። ቀለም እየመረጥኩ ቆሜ የምሰማው ወሬ አያልቅም። አንዷ «ይሄ ለሐበሻ ቀሚስ ነው የሚሆነው» ትላለች። ሌላዋ «እኔ መሳል ስለማልችል ጥልፍ አልሞክርም» ትላለች። ጎን የቆመ ሰው ደግሞ «ጨው ጣል አድርጊበትና ዘፍዝፊው፣ ቀለሙ አይለቅም» ብሎ ይመክራል። ሦስቱም ልክ አይደሉም። ግን ብዙ ሰው ያምንባቸዋል፣ በዚህ የተነሳ ስንት ቆንጆ ሀሳብ ሳይጀመር ቀርቷል፣ ስንት ነጭ ጨርቅስ ተበላሽቷል። እስቲ አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«ጥለትና ጥልፍ ያው አንድ ነው»

አይደለም። ይሄን ካልለየን ሌላው ሁሉ ይደበላለቅብናል። ጥለት ሸማኔው ሸማውን ሲሸምን ባለቀለሙን ክር አብሮ እያስገባ የሚያወጣው ነው፤ የጨርቁ አካል ነው። ጥልፍ ግን ጨርቁ ተሸምኖ ካለቀ በኋላ በመርፌ የሚጨመር ነው። ዳንቴልም ሌላ ነው፤ እሱ በኪሮሽ ከክር ብቻ የሚሠራ ነው።

ይሄ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሸማኔው የሚሠራው ቀጥ ባሉ ክሮች ላይ እየቆጠረ ስለሆነ ጥለት መስመር፣ መስቀል፣ ባለ አራት ማዕዘን ቅርጽ ይወዳል። መርፌ ግን እንደፈለገች ትዞራለች። ስለዚህ ጥምዝምዝ ያለ ሐረግ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ካማራችሁ ጥልፍ ነው የሚያስፈልጋችሁ። ጥለት ባለው ነጠላ ላይ ጥልፍ መጨመር ከፈለጋችሁ ደግሞ ከጥለቱ አንድ ቀለም ብቻ ውሰዱና በእሱ ሥሩ። አዲስ ቀለም ካመጣችሁ ሁለቱ ይጣላሉ።

«ጥልፍ የበዓል ልብስ ላይ ነው የሚያምረው»

ለምን? የጂንስ ጃኬት ኮሌታ፣ የሸሚዝ ኪስ፣ ኮፍያ፣ የሂጃብ ጠርዝ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ጥግ፣ የላፕቶፕ ማቀፊያ፣ ሁሉም ይጠለፋል። ጨርቅን ማወቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሂጃብ ስስ ከሆነ ቀጭን መርፌና አንድ ነጠላ ክር (የጥልፍ ክር ከተሠራባቸው ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንዱ) ይበቃዋል፣ ያውም ጠርዙ ላይ ብቻ፤ መሀሉ ላይ ከበዛ ጨርቁ ይከብድና አወራረዱ ይበላሻል።

እኔ በጣም የምወደው ግን የቡና ጆንያ ነው። ጅማ ላይ ጆንያ ማግኘት ችግር አይደለም። ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ክሩ ወፍራም፣ ሽመናው ሰፋ ሰፋ ያለ ነው፤ አግድምና ቁም ክሮቹ ልክ እንደ ሂሳብ ደብተር ካሬ ሠርተዋል። መሳል አያስፈልግም፣ መቁጠር ብቻ። ሁለት ክር ወደ ላይ፣ ሁለት ወደ ጎን፣ አንድ መስቀል። በወፍራም የሹራብ ክርና ጫፏ ደብዛዛ በሆነች ትልቅ መርፌ ከሠራችሁት አንድ የእጅ ቦርሳ በሁለት ሦስት ማታ ያልቃል። መጀመሪያ ግን ጆንያውን አራግፉት፣ እጠቡት፣ ጠርዙንም ሳይተረተር በፊት ስፉት። ውስጡን ገበር አልብሱት፤ አለበለዚያ ብናኙ እቃችሁ ላይ ሁሉ ይረግፋል።

«ጥሩ ዲዛይን ከስልክ ነው የሚገኘው»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉም በላይ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ስልክ ላይ የሚታየው ጽጌረዳና ቢራቢሮ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ግን ሁሉም ሰው ያንኑ ጽጌረዳ ነው የሚጠልፈው። እኛ ደግሞ ጅማ ቁጭ ብለን፣ ከደጃችን ያለውን ሳናይ እናልፋለን።

ቡናን እንውሰድ። ቡና ጠልፉ ብንባል አብዛኞቻችን የምንሠራው ጀበናና ሲኒ ነው፣ ወይ መሀሏ የተሰነጠቀች አንዲት ፍሬ። ግን ጓሮ ገብታችሁ ቅርንጫፉን እዩት። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ትይዩ ነው የሚወጡት። ጠርዛቸው ሞገድ ሞገድ ይላል። ላያቸው ያብረቀርቃል፣ ጀርባቸው ፈዘዝ ይላል። ፍሬው እንደ ሎሚ ለብቻው አይንጠለጠልም፤ ቅጠሉ በሚወጣበት አንጓ ዙሪያ ተጠጋግቶ ነው የሚይዘው። እዚያው አንድ አንጓ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫ ማለት የጀመረና ደማቅ ቀይ አብረው ታገኛላችሁ። ጥልፋችሁ ላይ ይሄ ሁሉ ከታየ ቡና ለቅሞ የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ግንዱን ወደ ኋላ እየተመለስኩ በሦስት ነጠላ ክር እሰፋዋለሁ። ቅጠሉን በሁለት ነጠላ ክር ከመሀሉ ጅማት ወደ ጠርዙ እያጋደልኩ እሞላለሁ፤ አንዱን ጎን በጠቆረ፣ ሌላውን በፈካ አረንጓዴ። ያን ጊዜ ያ ማብረቅረቁ ይመጣል። ፍሬውን በቀይ ከሞላሁ በኋላ ጫፉ ላይ አንዲት ጥቁር ቡናማ ቋጠሮ አስቀምጣለሁ፣ ክሩን መርፌው ላይ ሁለቴ ጠምዝዤ። እውነተኛው ፍሬም ጫፉ ላይ እንዲህ ያለች ነጥብ አለችው። ያቺ ቋጠሮ ከሌለች ቀይ ዶቃ ነው የሚመስለው።

አበባውስ? አምስት ቅጠል ያለው ነጭ አበባ ነው፣ በየካቲትና በመጋቢት ዝናብ ሲያገኘው ይፈነዳና በጥቂት ቀን ይረግፋል። ነጭ ክር በነጭ ጨርቅ ላይ ሞክሩት። ከሩቅ ምንም የሌለ ይመስላል፣ ብርሃን ሲያርፍበት ብቅ ይላል። ለሙሽራ ነጠላ ከዚህ የሚሻል አላየሁም።

ቡና ብቻ አይደለም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ከላይ ሲታይ ክብ ነው፣ ከጎን ሲታይ የእግሮቹ አወጣጥ ራሱ ዲዛይን ነው። ጅሬን ውጡና ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩ። የሰገነቱ እንጨቶች እኩል እኩል እየተደጋገሙ ይሄዳሉ። ያንን ድግግሞሽ ለቀሚስ ግርጌ ወይም ለእጅጌ ጫፍ አውርዱት። ቤቱን ሙሉ ለመጥለፍ አትሞክሩ፣ አንዷን ክፍል ወስዳችሁ ደጋግሟት።

«መሳል ካልቻልሽ አይሆንልሽም»

እኔም መሳል አልችልም። ቅጠል ቆርጬ ጨርቁ ላይ አስቀምጥና ዙሪያውን በእርሳስ እከተለዋለሁ፣ በቃ። ጥቁር ጨርቅ ከሆነ ቀጠን ያለች የሳሙና ስባሪ ታሰምራለች፣ በውሃም ትለቃለች። የወረቀት ስዕል ካላችሁ ቀን ላይ መስኮት መስታወት ላይ ለጥፉት፣ ጨርቁን ከላዩ አድርጉና ገልብጡ። ወፍራም ጨርቅ ብርሃን ስለማያሳልፍ ለእሱ ካርቦን ወረቀት ነው የሚሻለው። በእስክሪብቶ ግን አደራ አትሳሉ። ቀለሙ ሲታጠብ በነጩ ክር ላይ ይፈስሳል።

«ክሩ በወፈረ ቁጥር ጥልፉ ይደምቃል»

ሱቅ የሚሸጠው የጥልፍ ክር፣ ለምሳሌ ከ1746 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው የፈረንሳዩ ዲኤምሲ፣ አንድ ክር ይመስላል እንጂ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አብረው ናቸው። አንዱ ጥቅል 8 ሜትር ነው። ብዙ ጀማሪ ስድስቱንም አንድ ላይ ይሰካና «መርፌው አልሄድ አለኝ፣ ጨርቄ ተጨማደደ» ይላል። ነጣጥሉት። አንዱን ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ለብቻው ምዘዙ፤ ሁለቱን በአንዴ ከጎተታችሁ ይተበተባል። ለዐይን፣ ለፊደል፣ ለቀጭን መስመር አንድ ወይም ሁለት። ለቅጠልና ለአበባ ሁለት ወይም ሦስት። ስድስቱን ለጆንያና ለወፍራም ጃኬት አስቀምጡት። የክሩ ርዝመትም ከክንዳችሁ ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ረጅም ክር ጨርቁ ውስጥ ደጋግሞ ሲያልፍ ይሻክራል፣ ድምቀቱም ይጠፋል።

«የጥልፍ መርፌ ቁጥሩ ከፍ ሲል ትልቅ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ተቃራኒው ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር መርፌው እየቀጠነ ይሄዳል።

«ብዙ ጥልፍ ያለበት ልብስ የበለጠ ያምራል»

አንዳንዴ አዎ፣ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ደረት፣ አንገት፣ እጅጌ፣ ግርጌ ሁሉም ከተሞላ ዐይን የሚያርፍበት ያጣል። አንዲት ቅርንጫፍ ከትከሻ ተነስታ ወደ ደረት ብትወርድ ትበቃለች። ክብደቱንም አስቡ። ስስ ጨርቅ ላይ የተቆለለ ጥልፍ ወደ ታች ይጎትተዋል።

«ቲሸርት አይጠለፍም»

ይጠለፋል፣ ግን ስለሚለጠጥ ዘዴ ይፈልጋል። የመጀመሪያ ቲሸርቴን ክቡ መወጠሪያ ላይ እንደ ከበሮ ወጥሬ ሠራሁት፣ እዚያው ላይ እንዳለ በጣም ያምር ነበር። ሳወጣው ጨርቁ ተሰብስቦ አበባዬ ተጨማደደ። አሁን ከሥሩ የማይለጠጥ ስስ ጨርቅ አደርጋለሁ፣ ቲሸርቱን ሳልስበው ዘርጋ አድርጌ እይዛለሁ፣ ሲያልቅ ትርፉን ከጀርባው እቆርጣለሁ። በነገራችን ላይ ሥራችሁን መወጠሪያው ላይ አታሳድሩት፣ መርፌም ሰክታችሁበት አትተዉ። የጅማ አየር እርጥብ ነው፤ መርፌዋ ስትዝግ የምትተወውን ቡናማ ነጥብ ማስለቀቅ መከራ ነው።

«የኮምፒውተር ጥልፍ ስለመጣ የእጅ ጥልፍ አበቃለት»

ማሽኑ በደቂቃ እስከ 1000 ስፌት ሊሰፋ ይችላል። አንድ አይነት አርማ በሃምሳ ዩኒፎርም ላይ ካስፈለጋችሁ ያለጥርጥር ወደ ማሽን ሂዱ። ግን ማሽን ፎቶ ስላሳዩት አይጠልፍም። መጀመሪያ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ስዕሉን ወደ ስፌት መቀየር አለበት፤ የትኛው ቅርጽ እንደሚቀድም፣ ክሩ በየት አቅጣጫ እንደሚተኛ፣ የት ላይ እንደሚበጠስ ይወስናል። ጥልፉ የሚያምረው ወይም የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ፊደልም በጣም ካነሰ ይጠፋል፤ የእኛ ፊደል ትንንሽ እግርና ቀለበት ስላለው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ሲወርድ «ሀ» እና «ሆ»ን ለመለየት ይቸግራል። አንዲት ጃኬት ላይ አንዲት ቅርንጫፍ ከሆነ የምትፈልጉት ግን እጅ ይሻላል። እያያችሁ ቀለም ትቀይራላችሁ።

ከዚሁ ጋር «መርፌና ክር ብቻ እኮ ነው፣ ምን ያስወድደዋል» የሚለውን ተዉልን። ኮሌታ ላይ ያለች አንዲት የቡና ቅርንጫፍ ሁለት ማታ ትፈጅብኛለች። ዋጋው የክሩ ሳይሆን የእነዚያ ሁለት ማታዎች ነው።

«የሴት ሥራ ነው»

በየገበያው በረንዳ ላይ ሲንጀር የሚረግጡትን እዩ፣ ብዙዎቹ ወንዶች ናቸው። በድሮውም ፈትሉ የሴት፣ ሽመናው የወንድ ነበር፤ ጨርቅ ሁሌም የሁለቱም ነው። ወንድሜ ጥልፍ ካስተማርኩት ወዲህ የሸሚዙን ኪስ ራሱ ነው የሚጠልፈው፣ ስፌቱም ከእኔ ይልቅ ጠበቅ ያለ ነው።

«ጥልፍ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው» ለሚሉም አንድ ነገር ልንገራቸው። በ1868 እ.ኤ.አ. እንግሊዞች ከመቅደላ ከወሰዱት መካከል የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል፣ በሐር የተጠለፈ የጥጥ ቀሚስ አለ። ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ ነው።

«ጨውና ኮምጣጤ ቀለም ያስራል»

አያስርም። ፋብሪካ ውስጥ በደንብ ያልያዘ ቀለም ቤት ውስጥ በጨው አይስተካከልም። የሚያዋጣው ቀድሞ መፈተሽ ነው። ክሩን ሳትጀምሩ አርጥቡት፣ ነጭ ሶፍት ላይ ጫን አድርጉት። ሶፍቱ ከቀላ ያንን ክር ነጭ ልብስ ላይ አታስጠጉት። በተለይ ቀይና ጥቁር። ጨርቁንም አስቀድማችሁ እጠቡት፣ ምክንያቱም ጥጥ ይሰበሰባል፤ ከተጠለፈ በኋላ ሲሰበሰብ ጥልፉን ያጨማድደዋል። ካለቀ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳይጠመዘዝ። ሲተኮስ ፎጣ ላይ በፊቱ ተደፍቶ፣ ከጀርባው።

«የቆሸሸ ወይም የተቀደደ ልብስ አበቃለት»

ባለፈው ዓመት በአንድ ለቅሶ ቤት ነጠላዬ ላይ ቡና ተደፋብኝ። ወዲያው በውሃ ባጥበው ይለቅ ነበር፣ ግን እስከ ማታ ቆየ። ደጋግሜ ባጥበውም ሦስት ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦችና አንድ ረዘም ያለ መስመር ቀሩ። እናቴ «በቃ ለቤት አድርጊው» አለችኝ። እኔ ግን ዘርግቼ ሳየው መስመሩ ቀድሞውኑ ግንድ መስሏል። ግንዱን በእሱ ላይ ሰፋሁ፣ ሦስቱን ነጠብጣብ ሦስት ፍሬ አደረግኳቸው፣ ሁለቱን ቀይ፣ አንዱን ገና አረንጓዴ። ቅጠል ያስፈለገው ሁለት ቦታ ብቻ ነበር። ጃኬት ላይ ለተቀደደ ክርንም እንደዚሁ ነው፤ ከሥሩ ጠንከር ያለ ጨርቅ ለጥፋችሁ ቀዳዳውን መሀል አድርጉና ዙሪያውን አበባ አውጡ። እናቴ ያንን ነጠላ ለፋሲካ ተዋሰችኝ፣ እስካሁን አልመለሰችውም።