ፓራላክስ ምንድን ነው? ሳይሄዱ የኮከብን ርቀት መለካት

“ይህ ኮከብ ከእኛ ከ4 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል” ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ጥያቄ አለ። ማን ሄዶ ለካው? ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ የብርሃን ዓመት ወደ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ማንም አልሄደም፣ ሜትር የዘረጋም የለም። ቁጥሩ ግን ግምት አይደለም፤ በሒሳብ የተገኘ ነው። ሒሳቡ የቆመበት መሠረት ፓራላክስ ይባላል።

አንድን ነገር ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስናየው፣ ከጀርባው ካለው ነገር አንጻር ቦታውን የለወጠ ይመስላል። ፓራላክስ ይኸው ነው። አሁኑኑ ሞክሩት። ክንዳችሁን ዘርጉና አውራ ጣታችሁን አቁሙ። መጀመሪያ በቀኝ ዓይን ብቻ፣ ቀጥሎ በግራ ዓይን ብቻ እዩት። ጣቱ ከግድግዳው አንጻር ዘለል ይላል። ወደ ፊታችሁ ስታስጠጉት ዝላዩ ይጨምራል። ቅርብ ያለ ነገር ብዙ ይዘላል፣ ሩቅ ያለው ጥቂት። በሁለቱ ዓይኖች መካከል ያለው ርቀትና የዝላዩ መጠን ከታወቁ የጣቱ ርቀት ይሰላል። ትምህርት ቤት የተማርነው የሦስት ማዕዘን ሒሳብ ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ለከዋክብት ግን ሁለቱ የማያ ቦታዎች እጅግ መራራቅ አለባቸው። ደግነቱ መሬት ራሷ ትዞራለች። ከፀሐይ በአማካይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትዞር፣ ዛሬ ካለችበት ቦታ ከስድስት ወር በኋላ እስከምትደርስበት ድረስ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ኮከቡን ዛሬ ፎቶ እናነሳለን፣ ከስድስት ወር በኋላ ደግሞ እንደገና። ቅርብ ከሆነ፣ ከጀርባው ካሉት ሩቅ ከዋክብት አንጻር ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ይገኛል። የዚህ ለውጥ ግማሽ የኮከቡ ፓራላክስ ተብሎ ይመዘገባል።

አስቸጋሪው ነገር የለውጡ ማነስ ነው። ለውጡ የሚለካው በማዕዘን ነው፤ መለኪያውም አርክ ሴኮንድ የተባለ የዲግሪ ቁራጭ ነው። አንድ ዲግሪ 3,600 አርክ ሴኮንድ ነው። ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ወደ 1,800 አርክ ሴኮንድ ይሆናል። ከፀሐይ ሌላ ለእኛ እጅግ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ ነው። የእሱ ፓራላክስ እንኳ አንድ አርክ ሴኮንድ አይሞላም፤ 0.77 ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዴንማርካዊው የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ቲኮ ብራሄ ማንሳት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያለ ፍትሕ ይነቀፋልና። ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ብሎ ጽፏል (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቲኮ ግን “መሬት ብትዞር ኖሮ ከዋክብት ፈቀቅ ሲሉ እናይ ነበር” ብሎ ተከራከረ። ቴሌስኮፕ ባልነበረበት ዘመን ማንም ባልደረሰበት ጥንቃቄ ለካ፣ ምንም ለውጥ አላገኘም። ስለዚህ ወይ ከዋክብቱ ለማመን በሚያስቸግር ርቀት ላይ ናቸው፣ ወይ መሬት አትንቀሳቀስም። እሱ ሁለተኛውን መረጠ። ተሳስቷል፤ አስተሳሰቡ ግን ፍጹም ትክክል ነበር። የጎደለው መሣሪያ ብቻ ነው።

መሣሪያው እስኪደርስ ከ200 ዓመት በላይ አለፈ። በ1838 ፍሪድሪክ ቤሰል የተባለ ጀርመናዊ፣ በኮኒግስበርግ ሆኖ 61 ሲግኒ የተባለውን ኮከብ ፓራላክስ ለካ። 61 ሲግኒ ደማቅ ኮከብ አይደለም። ቤሰል የመረጠው በየዓመቱ ሰማይ ላይ ቦታውን ከሌሎች ከዋክብት ፈጥኖ ስለሚቀይር ነው። ፈጥኖ የሚንቀሳቀስ ቅርብ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ፣ ልክም ነበር። ያገኘው ርቀት ወደ 10 የብርሃን ዓመት ነበር። የዛሬው ልኬት 11.4 ነው። በዚያ ዘመን መሣሪያ ይህን ያህል መቅረቡ ይደንቃል።

ከቤሰል በፊት ግን ቶማስ ሄንደርሰን የተባለ ስኮትላንዳዊ፣ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ፣ በደቡብ አፍሪካው ኬፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ አልፋ ሴንታውሪ የተባለውን ኮከብ ቦታ በ1832 እና በ1833 መዝግቦ ነበር። ውጤቱን ያሳተመው ግን በ1839 ነው። ቀዳሚነቱ በዚህ አመለጠው።

አልፋ ሴንታውሪን ከኢትዮጵያ ማየት ይቻላል። በግንቦት መጨረሻ ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ወደ ደቡብ ዝቅ ብላችሁ ፈልጉት፤ ደማቅ ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ላሉ ዘመዶቻችን ግን ከአድማስ በላይ አይወጣም።

ስሌቱን በእሱው እንሥራ። ፓራላክሱ ልክ አንድ አርክ ሴኮንድ የሆነ ኮከብ 3.26 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ይህ ርቀት አንድ ፓርሴክ ይባላል። የሌላውን ኮከብ ርቀት ለማግኘት 1ን ለፓራላክሱ ማካፈል ነው። የአልፋ ሴንታውሪ ፓራላክስ 0.75 ገደማ ነው። 1 ሲካፈል ለ0.75፣ 1.33 ፓርሴክ። በ3.26 ሲባዛ 4.3 የብርሃን ዓመት ያህል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ከመሬት ሲታይ አየራችን የኮከቡን ብርሃን ስለሚያርገበግበው ጥቃቅን ማዕዘኖችን መለካት ይከብዳል። ስለዚህ አውሮፓውያን ልኬቱን ወደ ሕዋ ወሰዱት። በ1989 የመጠቀችው ሂፓርኮስ የተባለች ሳተላይት ከ100,000 በላይ ከዋክብትን በከፍተኛ ጥራት ለካች። በ2013 የመጠቀችው ሌላዋ ሳተላይት ጋያ ደግሞ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ከ10 ዓመት በላይ ሠርታለች። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ከዋክብትን ፓራላክስ ሰጥታናለች።

ሌሎች ጋላክሲዎች ዘንድ ያሉ ከዋክብት ግን ዝላያቸው እጅግ ስለሚያንስ ለዚህ ዘዴ አይመቹም። ለእነሱ ባለሙያዎች ሴፋይድ የተባሉ፣ ብርሃናቸው በየጊዜው የሚደምቅና የሚደበዝዝ ከዋክብትን ይጠቀማሉ። በ1912 ሄንሪዬታ ሌቪት በእነዚህ ከዋክብት መደብዘዣ ጊዜና በእውነተኛ ድምቀታቸው መካከል ያለውን ግንኙነት አሳይታለች። ያን ድምቀት በትክክል ለማወቅ ግን ቅርብ ያሉ ሴፋይዶች ርቀት ያስፈልጋል፣ እሱም የሚለካው በፓራላክስ ነው። በፓራላክሱ ላይ ስሕተት ካለ፣ በሴፋይድ የተለካው የጋላክሲዎች ርቀትም አብሮ ይሳሳታል።