ሱናሚው እዚያ፣ ወሬው እዚህ

ትልቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው ሰውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቪዲዮ ያያል፣ ይደነግጣል፣ ይደውላል፣ የሚልከው ነገር ይፈልጋል። ሐዘኑ የእውነት ነው። ከሐዘኑ ጋር ተያይዘው የሚመጡት እምነቶች ግን ብዙዎቹ ስህተት ናቸው።

«እኛ ሩቅ ነን፣ ምን ያገኘናል?»

ከባሕር ለራቀ ሰው እውነት ነው። ለባሕር ዳርቻ ነዋሪ ግን አይሠራም። ሱናሚ፣ ማለትም ከባሕር በታች የሚደርስ መንቀጥቀጥ የሚያስነሳው ማዕበል፣ ጥልቅ ውቅያኖስ ላይ በጄት አውሮፕላን ፍጥነት ይጓዛል፤ ማዶ ሲደርስም ጉልበቱ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ1960 ቺሊን የመታው መንቀጥቀጥ መጠኑ 9.5 ነበር፤ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ትልቁ ነው። ማዕበሉ ሃዋይ ውስጥ ሂሎ ከተማ ለመድረስ 15 ሰዓት ገደማ ወስዶበታል። ሳይረን ጮኋል፣ ጊዜም ነበር። አንዳንዱ ግን ከቤቱ አልወጣም። አንዳንዱ ጭራሽ ማዕበሉን ሊያይ ወደ ውሃው ወረደ። የመጀመሪያዎቹ ማዕበሎች ትንንሽ ስለነበሩ «ይኸው ነው እንዴ?» ብሎ የተዘናጋም አለ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት እንዳለፈ ትልቁ መጣ። 61 ሰው ሞተ። ሱናሚ አንድ ማዕበል ብቻ አይደለም፤ ቀድሞ የመጣው ደግሞ ትልቁ ላይሆን ይችላል። ያው ሱናሚ ከሰዓታት በኋላ ጃፓን ደርሶ ከ100 በላይ ሰዎች ገድሏል።

በ2004 ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት አጠገብ የተነሳው ሱናሚ ሶማሊያ የደረሰው ከሰባት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። እዚያ ግን ሰው የተነገረው ነገር አልነበረም፤ የሕንድ ውቅያኖስ ያኔ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረውም። በ2011 የጃፓኑ ማዕበል ካሊፎርኒያ ሲደርስ ግን ማስጠንቀቂያው ቀድሞ ተነግሮ ነበር። እዚያ አንድ ወጣት ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ቦታ ፎቶ ሊያነሳ ሄዶ ቀረ።

«ማስጠንቀቂያው ውሸት ነበር»

በሐምሌ 2025 ሩሲያ ውስጥ ካምቻትካ ላይ መጠኑ 8.8 የሆነ መንቀጥቀጥ ሲደርስ ሃዋይ ውስጥ ሰው ከባሕር ዳርቻ እንዲወጣ ታዘዘ፤ መንገዱ በመኪና ተጨናነቀ። ማዕበሉ ከተፈራው በታች ሆነ። «በከንቱ አስሮጡን» ማለት ይቀናል። ግን መንቀጥቀጡ በተሰማ በደቂቃዎች ውስጥ የማዕበሉን ቁመት በትክክል ማወቅ አይቻልም። ውቅያኖስ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች እስኪለኩት ድረስ የሚጠብቅ ሰው ደግሞ የመሸሻ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

«ጨረሩ እዚህም ደርሷል፣ ካርታውን ተመልከቱ!»

ይህን ካርታ ሳታዩት አትቀሩም። ከጃፓን የሚፈልቅ ቀይና ቢጫ ቀለም ፓስፊክን ሲያጥለቀልቅ ያሳያል። የ2011ዱ ሱናሚ ጃፓን ውስጥ የፉኩሺማን የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ከመታ በኋላ ለዓመታት «የጨረር ስርጭት» እየተባለ ሲዞር ኖሯል። ካርታውን የሠራው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ሲሆን የሚያሳየው የሱናሚውን ማዕበል ከፍታ ነው። ስለ ጨረር አንድም ነገር የለበትም። ከፉኩሺማ የወጣ ጥቃቅን የጨረር ምልክት አሜሪካ ድረስ በስሱ መሣሪያዎች ተለይቷል፤ ጤና የሚጎዳ መጠን ግን አልነበረም።

ድንጋጤው በካርታ አላበቃም። አሜሪካ ውስጥ ሰው የአዮዲን ክኒን ፍለጋ ተሯሯጠ። ቻይና ውስጥ አዮዲን ያለው ጨው በሽሚያ ከመደብር አለቀ። ክኒኑ የሚከላከለው የእንቅርት እጢን ብቻ፣ ያውም ከአንድ ዓይነት ጨረር አመንጪ አዮዲን ነው። የአንድ ክኒን ያህል አዮዲን ከጨው ለማግኘት ደግሞ በኪሎ የሚቆጠር ጨው መብላት ያስፈልጋል። ጨረሩ ሳይደርስ ጨው ይገድላል ማለት ነው።

«የትርፍ ልብስና መድኃኒት ልላክ፣ ከምንም ይሻላል»

ሁልጊዜ አይሻልም። ከ2004ቱ ሱናሚ በኋላ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ወዳለው አቼ ግዛት 4,000 ቶን ገደማ መድኃኒት ጎረፈ። ብዙው በአካባቢው የማይታወቅ ነበር። ብዙው የተጻፈበት ቋንቋ እዚያ ያለ ባለሙያ የማያነበው ነበር። ጊዜው ያለፈበትም ነበረበት። ማውረጃ፣ ማከማቻ፣ መለያ ሰው ይጠይቃል፤ የማይጠቅመውን ማቃጠሉ ራሱ ወጪ ነው።

ገንዘብ ይሻላል። እዚህም ላይ ግን አንድ የሚገርም ነገር አለ። በጥር 2005፣ አደጋው ከደረሰ ከሳምንት በኋላ፣ ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን «ለሱናሚው ሥራችን የሚበቃ ገንዘብ አግኝተናል፤ ለሌሎች ችግሮች ስጡ» አለ። ብዙ ሰው ተናደደ፤ እንዴት ስጦታ እምቢ ይባላል? እኔ ግን እንዲህ ያለ ሐቀኝነት እምብዛም አላየሁም። በዚያው ዓመት በጥቅምት የካሽሚር መንቀጥቀጥ ከ70,000 በላይ ሰዎች ገደለ፤ የብርዱና የበረዶው ወቅት እየመጣ ሳለ የዕርዳታው ገንዘብ በጊዜው አልመጣም። ሱናሚው የበዓል ሰሞን፣ ካሜራ የያዙ ቱሪስቶች በሞሉበት ዳርቻ ደርሶ ነበር። ካሽሚር ተራራ ነው። እጃችን የሚዘረጋው በችግሩ ልክ ሳይሆን ባየነው ቪዲዮ ልክ ይመስለኛል።

«ሰው እርስ በርሱ ይዘራረፋል፣ ይረጋገጣል»

ኤንሪኮ ኳራንቴሊ የተባለው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዕድሜውን ሙሉ ይህን አጥንቷል። በድንጋጤ መተራመስ ብርቅ ነው፤ የተለመደው መረዳዳት ነው። በ1995 የጃፓኗን ኮቤ ከተማ መንቀጥቀጥ ሲመታት ከፍርስራሽ የወጡትን አብዛኞቹን ያወጧቸው ቤተሰብና ጎረቤት ናቸው። የውጭ አዳኝ ቡድን ሲደርስ ወሳኞቹ ሰዓታት ብዙ ጊዜ አልፈዋል።

«አስከሬን ካልተቀበረ ወረርሽኝ ይነሳል»

በአደጋ የሞቱት አብዛኞቹ ተላላፊ በሽታ የለባቸውም። ለበሽታ የሚያጋልጠው ንጹሕ ውሃና መጸዳጃ ማጣት ነው። የጅምላ ቀብር ጥድፊያ ቤተሰብን ሟቹን ለይቶ ከመቅበር ያግደዋል።

«እስኪያነሳ ድረስ ልደውል»

በ2011 ጃፓን ውስጥ የስልክ ኩባንያዎች መስመሩ እንዳይወድቅ ከ70 እስከ 95 በመቶ የድምፅ ጥሪ ገድበው ነበር። የጽሑፍና የኢንተርኔት መልእክት ግን በአብዛኛው ያልፍ ነበር። «ደህና ነህ?» ብሎ አንዴ መጻፍ ይበቃል። መልሱ ከዘገየም ባትሪ እየቆጠበ ይሆናል።