አዲስ ወይስ ያገለገለ? በደሴና በኮምቦልቻ የመኪና ገዢን የሚያሳስቱ አባባሎች

የቤት መኪና ሊገዛ ላሰበ ሰው ምክር ከየአቅጣጫው ይጎርፍለታል። ብዙው ለሜዳ አገር የሚሆን ነው። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ።

«ኪሎሜትሩ ዝቅ ያለ፣ ስሪቱም የቅርብ ከሆነ ይበቃል።»

እውነታው፦ የኪሎሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ዳገት ግን አይዋሽም። ያገለገለ መኪና የምትገዙ ከሆነ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ሰው ጭናችሁ ንዱት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ሲደርስ በአየሩ መሳሳት ብቻ በባህር ጠለል ላይ ከሚኖረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ስለዚህ መጠነኛ መድከም ጉድለት አይደለም። ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ግን ፍሪሲዮኑ አልቋል። የሙቀት መለኪያውንም አትልቀቁት። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚያቆየው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው። ባህር ዳርቻ ላይ ችግሩ የማይታወቅ ያረጀ ክዳን እዚህ ሞተር ያስፈላል፤ መፍላቱ ሲደጋገም ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ያጣምማል። ስትመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይፈትናል፦ ፔዳሉ እየለሰለሰ ከሄደ ወይም መሪው ከተንቀጠቀጠ ሳይጠገን አትግዙ። ይህን ጉዞ እንቢ ካለ ሻጭ ጋር ዋጋ መደራደር አያስፈልግም ባይ ነኝ።

«አዲስ ከሆነ ሐሳብ የለም።»

እውነታው፦ መንግሥት በ2016 ጥር የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት በአብዛኛው ኤሌክትሪክ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በነጋዴ የገቡ ስለሆኑ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል። ባትሪው ቢበላሽ ማን፣ የት እንደሚያየው ሻጩ በጽሑፍ ይስጣችሁ። አዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ነው፤ የቆመ መኪና አስጭኖ መላክ ቀላል ወጪ አይደለም።

«ኤሌክትሪክ መኪና ሐረጎን አይችልም።»

እውነታው፦ ኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታው አያደክመውም። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ለዳገቱ ከሜዳው ፍጆታ በላይ የሚወስደው 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፤ ከ60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ 7 በመቶ ያህል። ሲወርድ ከዚያ ግማሽ ያህሉን መልሶ ይሞላል። ደሴ ላይ 100 በመቶ ሞልታችሁ ከወረዳችሁ ግን ባትሪው መቀበያ ቦታ አይኖረውም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። 90 አካባቢ ሲደርስ ንቀሉት።

«ቦሎ ካለው ንጹሕ ነው።»

እውነታው፦ ቦሎ ስለ ዕዳና እገዳ አይናገርም። ቀብድ ሳትከፍሉ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ፤ ፋይሉንም ትራንስፖርት ቢሮ አስጣሩ።