ፆታዊ ጥቃት በሰብዓዊ ቀውስ ወቅት፦ የምርምር ዘርፉ እና የተመራማሪዎቹ ሕይወት

ይህ ዘርፍ በጦርነት፣ በመፈናቀልና በተፈጥሮ አደጋ ጊዜ የሚፈጸመውን ፆታን መሠረት ያደረገ ጥቃት መጠን፣ መንስኤና መከላከያ ያጠናል። ተመራማሪዎቹ የሚመጡት ከሕዝብ ጤና፣ ከነርሲንግ፣ ከሶሻል ወርክና ከሕግ ነው፤ ብዙዎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመግባታቸው በፊት ለዓመታት በመስክ ሠርተዋል። ሜሪ ኤልስበርግ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በኒካራጓ ከሴቶች ንቅናቄ ጋር ሲሠሩ ቆይተው ዶክትሬታቸውን በስዊድን ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ካገኙ በኋላ፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዓለም አቀፍ የሴቶች ተቋም መሥራች ዳይሬክተር ሆነዋል።

ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ በፊት በጦርነት የሚደርስ አስገድዶ መድፈር በጦርነት ያለ ነገር ተደርጎ ይታለፍ ነበር። በቦስኒያ ጦርነትና በሩዋንዳ የዘር ጭፍጨፋ የተፈጸሙት ጥቃቶች ይህን ቀየሩት። በአሩሻ የተሰየመው የሩዋንዳ የወንጀል ችሎት እ.ኤ.አ. በ1998 በሩዋንዳ የአንድ አካባቢ ከንቲባ በነበረው በዣን ፖል አካየሱ ላይ በሰጠው ፍርድ አስገድዶ መድፈር የዘር ማጥፋት ድርጊት ሊሆን እንደሚችል ወሰነ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶችን፣ ሰላምንና ጸጥታን የሚመለከተውን ውሳኔ 1325 አጸደቀ።

ዘርፉን ከሌላው የዳሰሳ ጥናት የሚለየው የጥንቃቄ ሥርዓቱ ሲሆን፣ ባለሙያዎቹም የሚኮሩበት በእሱ ነው፤ ተገቢም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣቸው ስምንት ምክረ ሐሳቦች የጥናቱ ጥቅም ከሚያስከትለው አደጋ እንዲበልጥ ያዛሉ። ለተጎጂዎች የሚሆን መሠረታዊ እንክብካቤ በአካባቢው ከሌለም ጥያቄ አይጀመርም። በተግባር ሲታይ፣ ከአንድ ቤት የምትጠየቀው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ለጎረቤት የሚነገረው ስለ ሴቶች ጤና እየተጠና መሆኑ ነው፤ ሙሉውን ዓላማ የምታውቀው ተጠያቂዋ ናት። ባል ወይም አማት ድንገት ከገባ ጠያቂዋ ለዚሁ የተዘጋጀውን ሌላ መጠይቅ አውጥታ ስለ ልጆች ጤና መጠየቅ ትጀምራለች። ቤቱ ካልተረጋጋ ቃለ መጠይቁ ይቋረጣል እንጂ አይጨረስም። ጠያቂዎቹ ራሳቸውም ቀኑን ሙሉ የሰሙት ሸክም ስለሚሆንባቸው የሚያዳምጣቸው ሰው ይመደባል።

ጥቃቱን በቁጥር መለካት ቀላል አይደለም። የጤና ጣቢያ መዝገብ የሚያሳየው ሳይፈሩ ለሕክምና የመጡትን ተጎጂዎች ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና ከ14 አገሮች የተሰበሰቡ 19 ጥናቶችን የገመገመ ሥራ፣ በቀውስ ውስጥ ካሉ ስደተኛና ተፈናቃይ ሴቶች 21.4 በመቶው ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ገምቷል። መገለልን ፈርተው የሚደብቁ ስላሉ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ሳይበልጥ አይቀርም። ስለ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ ኮንጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ገለጠ፦ በሕይወታቸው የተደፈሩት ሴቶች ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሲሆኑ፣ ከባል ወይም ከአጋር ወሲባዊ ጥቃት የደረሰባቸው ከ3 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ትኩረቱን ሁሉ በታጣቂዎች ላይ ያደረገው ዓለም ቤት ውስጥ ያለውን ሳያይ መቅረቱ ከዚህ በኋላ ሊካድ አልቻለም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ከተሠሩት ጥናቶች በደንብ የተመዘገበው ኮምፓስ የተባለው የልጃገረዶች መርሐ ግብር ጥናት ነው። ዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ (አይአርሲ) እና የአሜሪካው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ የስደተኛ መጠለያዎች የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 19 የሆነ ከ900 በላይ ልጃገረዶችን አሳትፈዋል። ልጃገረዶቹ ለእነሱ ብቻ በተለየ ቦታ ከአማካሪዎቻቸው ጋር ይገናኙ ነበር። የጥናቱን ጥያቄዎች የሰሙት በጆሮ ማዳመጫ፣ በተቀዳ ድምፅ ነው፤ መልሱንም ታብሌት ነክተው ይሰጣሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው ሰው ምን እንደመለሱ አያውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ውጤት መርሐ ግብሩ ጥቃቱን በሚለካ ደረጃ እንዳልቀነሰ፣ የልጃገረዶቹን ማኅበራዊ ድጋፍና ስለ ሴቶች ያላቸውን አመለካከት ግን እንዳሻሻለ አሳይቷል። የጥናቱ መሪ ጸሐፊ ሊንዚ ስታርክና ባልደረቦቻቸው የማይመቸውን ግኝት ሳይደብቁ ማውጣታቸው ሊመሰገን ይገባል። ሴቶች ልጆችን ብቻ በማሠልጠን ጥቃት አይቆምም የሚለው ክርክር የተጠናከረውም ከዚህ ወዲህ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ የአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ካሉ ስደተኛ ሴቶች ጋር ሆነው ጤና ባለሙያዎች ተጎጂዎችን በጥቂት ጥያቄዎች የሚለዩበትን መጠይቅ አዘጋጅተዋል።

በወንዶችና በወንድ ልጆች ላይ የሚደርሰው ጥቃት በዘርፉ ምን ቦታ ይያዝ የሚለው ጉዳይ እስካሁን ያከራክራል። አንድ ነገር ላይ ግን ስምምነት አለ ማለት ይቻላል፦ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሻሽሎ የወጣው የሰብዓዊ ድርጅቶች የጋራ መመሪያ እንደሚለው፣ ጥቃቱ እየተፈጸመ ነው ብሎ ተነሥቶ አገልግሎት ለመጀመር የጥናት ቁጥር መጠበቅ አያስፈልግም።