ከአልኮል ውሃን የሚለዩ የፖሊመር ሜምብሬኖች

ከአልኮል ውሃን የሚለይ የፖሊመር (ረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች ያሉት ቁስ) ሜምብሬን፣ በተራ የማንጠር ሥራ ሊወጣ የማይችለውን የመጨረሻውን ውሃ ከኢታኖል፣ ከአይሶፕሮፓኖልና ከመሰል ፈሳሾች ለማስወገድ የሚያገለግል ስስ ንጣፍ ነው። ሥራው የሚከናወነው ፐርቫፖሬሽን በሚባል ስልት ነው፤ ትኩሱ የአልኮልና የውሃ ድብልቅ በንጣፉ አንድ ፊት ላይ እየፈሰሰ ሲያልፍ በሌላኛው ፊት በኩል ቫኪዩም ይፈጠራል፣ ውሃውም በፖሊመሩ ውስጥ ሰርጎ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሜምብሬን ያስፈለገው በሁለቱ ፈሳሾች ጠባይ ምክንያት ነው። በባሕር ወለል የአየር ግፊት ንጹሕ ኢታኖል በ78.4፣ ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላሉ፤ በክብደት 95.6 በመቶ ኢታኖል የያዘው ድብልቅ ግን ከሁለቱም ዝቅ ብሎ በ78.2 ዲግሪ ይፈላል፣ ከእርሱ የሚነሣው እንፋሎትም ከፈሳሹ ጋር አንድ ዓይነት ይዘት አለው። አዚዮትሮፕ የሚባለው ይህ ነጥብ ላይ ከተደረሰ በኋላ ደጋግሞ ማንጠር ምንም አይፈይድም። አረቄ ዳግም ሲወጣ የሚጠነክረው ከዚህ ነጥብ ገና እጅግ በታች ስለሆነ ነው፤ ከቤንዚን ጋር ለሚደባለቅ ኢታኖል የሚፈለገው ንጽሕና ግን ከ99 በመቶ በላይ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሲድኒ ያንግ በ1902 ቤንዜን የተባለውን ፈሳሽ ጨምሮ በማንጠር ችግሩን ማለፍ እንደሚቻል አሳዩ፤ ቤንዜን ካንሰር አምጪ መሆኑ ሲታወቅ በሳይክሎሄክሴን ተተካ። ዛሬ ትላልቆቹ ፋብሪካዎች በብዛት የሚጠቀሙት ውሃን በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ውስጥ የሚይዘውን ሞለኪውላር ሲቭ ነው። የሜምብሬን ብልጫ፣ የሚተንነው የሚወጣው ውሃና አብሮት የሚያመልጠው ጥቂት አልኮል ብቻ መሆኑ፣ እንዲሁም በምርቱ ውስጥ ሦስተኛ ኬሚካል አለመግባቱ ነው።

ውሃ በፖሊመሩ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ በአብዛኛው የሚገለጸው በሦስት እርምጃዎች ነው፦ በመጀመሪያ ሞለኪውሉ በፖሊመሩ ውስጥ ይሟሟል፣ ቀጥሎ በሰንሰለቶቹ መካከል ይሰርጋል፣ በመጨረሻም ቫኪዩም ባለበት ፊት ይተንናል። ታኬሺ ማትሱራና ባልደረቦቻቸው ፈሳሹ በእጅግ ጠባብ ቀዳዳዎች ገብቶ መንገድ ላይ ይተንናል የሚል ሌላ ማብራሪያ አቅርበዋል፤ አብዛኛው የዘርፉ ሰው ግን የመጀመሪያውን ይቀበላል። የውሃ ሞለኪውል ከኢታኖል ሞለኪውል በግልጽ ያነሰ መሆኑ ይረዳል፤ ወሳኙ ነገር ግን ፖሊመሩ ውሃን መውደዱ ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ውሃን የሚወድ ፖሊመር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሰንሰለቶቹ ይራራቃሉ፣ በተከፈተው ቦታም አልኮሉ አብሮ ያልፋል። ስለዚህ ሜምብሬንን ማሻሻል ማለት በዋናነት ይህን እብጠት፣ የውሃውን ፍሰት ሳይገድሉ፣ መግታት ማለት ነው።

የጥናቱ መነሻ ሩቅ ነው። ሉዊስ ካለንበርግ በ1906 በጎማ ሜምብሬን ላይ የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። ፐርቫፖሬሽን የሚለውን ስም ያወጡት ፊሊፕ ኮበር ሲሆኑ፣ በ1917 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከኮሎዲዮን (ሲደርቅ ስስ ንጣፍ ከሚሆን የናይትሮሴሉሎስ ፈሳሽ) የተሠራ ከረጢት አፉ ጥብቅ ብሎ ታስሮ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተነነ መሆኑን ረዳታቸው እንዳስተዋለ ጽፈዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሮበርት ቢኒንግና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ የነዳጅ ኩባንያ ውስጥ ሰፊ ጥናት አካሄዱ፤ በ1970ዎቹ ደግሞ በፈረንሳይ ናንሲ ከተማ የዣን ኔልና የፒየር አፕቴል ቡድን ሥራውን ቀጠለ።

ሐሳቡን ከቤተ ሙከራ አውጥቶ ለፋብሪካ ያበቃው በጀርመን የተመሠረተው፣ በምህጻሩ ጂኤፍቲ የሚባለው ድርጅት ነው። ጌርሃርድ ቱዘልና ሃርትሙት ብሩሽኬ የመሩት ይህ ሥራ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለገበያ የበቃ ሲሆን፣ ታላቅነቱ አዲስ ፖሊመር በመፍጠሩ ሳይሆን የታወቀውን በትክክል በማቀናጀቱ ነው ማለት ይቻላል። የመረጡት ፖሊቫይኒል አልኮል በዚያው በጀርመን በ1924 የተገኘና ሃይድሮክሲል ቡድኖች (የኦክሲጅንና የሃይድሮጅን ጥምረቶች) በሰንሰለቱ ላይ ተደርድረው ስለሚገኙ ውሃን እጅግ የሚወድ ፖሊመር ነው። ሜምብሬኑ ሦስት ንብርብር ነበረው፦ ከታች ጥንካሬ የሚሰጥ የፖሊስተር ጨርቅ፣ በላዩ ቀዳዳማ የፖሊአክሪሎናይትራይል ንጣፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የመለየቱን ሥራ የሚሠራው ጥቂት ማይክሮሜትር እንኳ የማይደርስ፣ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተስተሳሰሩበት ፖሊቫይኒል አልኮል። ፍሰት ከውፍረት ጋር በተቃራኒው ስለሚሄድ፣ የላይኛውን ንብርብር ሳይቀደድ ማሳነስ መቻላቸው ስልቱን አዋጭ አድርጎታል። በ1988 በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ፣ በቤተኒቪል የስኳር ፋብሪካ የተተከለው ክፍል ከ2,000 ካሬ ሜትር በላይ ሜምብሬን ይዞ በቀን 150,000 ሊትር ገደማ ኢታኖል እንዲያደርቅ የተሠራ ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ የዘርፉ መለኪያ ሆኖ ሲጠቀስ ቆይቷል። ውሃው ሲተንን ሙቀቱን ከራሱ ከፈሳሹ ስለሚወስድ፣ እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች ድብልቁ ከአንዱ ሞጁል (ሜምብሬኑ የተገጠመበት አሃድ) ወደ ቀጣዩ ሲሸጋገር በየመካከሉ እንደገና ይሞቃል።

ፖሊቫይኒል አልኮል ብቻውን በሙቅ ውሃ ስለሚሟሟ ሰንሰለቶቹን በኬሚካል ማስተሳሰር የግድ ነው። በቤተ ሙከራ የፖሊመሩ ዱቄት 90 ዲግሪ በሚጠጋ ውሃ ውስጥ ለሰዓታት እየተማሰለ ይሟሟል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ግሉታራልዲሃይድና ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይጨመርበታል፣ የአየር አረፋዎቹ እስኪወጡ ይቀመጣል፣ ከዚያም በመስታወት ላይ ፈስሶ በምላጭ እኩል ይሳሳል። ሌላው መንገድ ማሌይክ አሲድ ጨምሮ የደረቀውን ንጣፍ በምድጃ ማሞቅ ነው። ማስተሳሰሪያው ካነሰ ሜምብሬኑ ያብጣል፤ ከበዛ ደግሞ ውሃን የሚስቡት ሃይድሮክሲል ቡድኖች ተይዘው ስለሚያልቁና ሰንሰለቶቹ ስለሚጠብቁ ፍሰቱ ይወድቃል። ሜምብሬኑ ሲፈተሽ በንጣፉ ያለፈው እንፋሎት በፈሳሽ ናይትሮጅን በተከበበ የመስታወት ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ ይያዛል፣ ይመዘናል፣ የውሃ ድርሻውም ይለካል።

ከማስተሳሰር በተጨማሪ ፖሊመሩን ከካይቶሳን ወይም ከሶዲየም አልጂኔት ጋር ማዋሃድ፣ እንዲሁም ዚዮላይት (ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን)፣ ሲሊካና ግራፊን ኦክሳይድ በደቃቁ መቀላቀል በብዛት ተሞክሯል። ቅንጣቶቹ ከፖሊመሩ ጋር በደንብ ካልተጣበቁ በመካከላቸው በሚቀረው ክፍተት አልኮል ያመልጣልና ውጤቱ እንደ አሠራሩ ይለያያል።

በጽሑፎች ላይ የሚወጡት የመለየት ቁጥሮች በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። 10 በመቶ ውሃ ካለው ድብልቅ 95 በመቶ ውሃ ያለው እንፋሎት የሚያወጣ ሜምብሬን የመለየት ብዜቱ (በእንፋሎቱ ያለው የውሃና የአልኮል ጥምርታ በድብልቁ ላለው ጥምርታ ሲካፈል) 171 ነው፤ ብዜቱ አሥር እጥፍ ቢያድግ የእንፋሎቱ የውሃ ድርሻ የሚደርሰው 99.5 በመቶ ብቻ ነው። በዚህ ደረጃ ፍሰትን መጨመር ይበልጣል። በማጠናቀቂያው ግን፣ ድብልቁ ውስጥ 0.5 በመቶ ውሃ ሲቀር፣ የመጀመሪያው ብዜት እንዳለ ቢቀጥል 46 በመቶ ገደማ፣ አሥር እጥፉ ደግሞ 90 በመቶ ገደማ ውሃ ያለው እንፋሎት ይሰጣሉ። ሪቻርድ ቤከርና ባልደረቦቻቸው በ2010 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ማለትም ውጤት ከሙከራው ሙቀትና ግፊት ተነጥሎ በሜምብሬኑ የማሳለፍ አቅም ይገለጽ የሚለው፣ በእርግጥም ተገቢ ነው።

የፖሊመር ሜምብሬን ዋና ተፎካካሪ ከዚዮላይት የተሠራ ሜምብሬን ነው። የጃፓኑ ኩባንያ ሚትሱይ በዚህ ሜምብሬን የሠራው ፋብሪካ በ120 ዲግሪ በሰዓት 530 ሊትር እያስተናገደ የውሃውን ድርሻ ከ10 ወደ 0.2 በመቶ እንደሚያወርድ በ2001 ተዘግቧል። ዚዮላይት አያብጥም፣ ፍሰቱም ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን ውድና ተሰባሪ ነው፣ በዚህ ፋብሪካ ያገለገለው ዓይነትም አሲድ አይችልም። ፖሊመር በሰፊ ጥቅል ሊመረት፣ ሲያረጅም በቀላሉ ሊተካ መቻሉ አሁንም ሚዛን የሚደፋ ብልጫ ነው።

በኢትዮጵያ የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ከሞላሰስ ኢታኖል ያመረቱ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ በ2008 በ5 በመቶ የተጀመረው ከቤንዚን ጋር የማደባለቅ ሥራ በ2011 ወደ 10 በመቶ አድጎ ነበር።

ሞለኪውላር ሲቭ ባላቸው ፋብሪካዎች ሜምብሬን እንደ አጋዥ መግባቱም እየተለመደ ነው። ሲቩ በውሃ ሲሞላ የሚታጠበው ከደረቀው ኢታኖል በከፊል ተመልሶ እየተላከበት ነው፤ ይህ ውሃ የተሸከመ ፍሰት እንደገና ወደ ማንጠሪያው ዓምድ ይመለስ ነበር። ፍሰቱ በፖሊመር ቱቦዎች ሲያልፍ ውሃው እዚያው ይለያል፣ ኢታኖሉ ወደ ምርቱ ይቀላቀላል፣ ዓምዱም ከተጨማሪው ጫና ነጻ ይሆናል።