የሚያሳክከን ተባዩ ነው? ስለ እከክ፣ ስለ ቁንጭርና ስለ ሰውነት መከላከያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እከክን የምታመጣው ተባይና ቁንጭርን (በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚመጣውን የቆዳ በሽታ) የሚያመጣው ተህዋሲ በምንም አይገናኙም። አንዷ በቆዳ ውስጥ ትቦረቡራለች፣ ሌላው በሴል ውስጥ ይደበቃል። በሁለቱም ግን ከሚያሠቃየን ነገር አብዛኛውን የሚያመጣው የራሳችን መከላከያ የሚሰጠው ምላሽ ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው በከንቱ ይሰቃያል።

«የሚያሳክከው ተባዩ ሲነክስ ነው»

አይደለም። ሴቷ ተባይ የቆዳን የላይኛውን ሽፋን እየሰረሰረች በቀን 2 ወይም 3 እንቁላል ትጥላለች። ማሳከኩ የሚጀምረው ሰውነት ለእሷ፣ ለእንቁላሏና ለኩሷ አለርጂ ሲሆን ነው። ይህ ደግሞ ጊዜ ይወስዳል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ድረስ ምንም ላይሰማው ይችላል። ቀድሞ የያዘው ከሆነ ግን ቲ ሴሎቹ (የመከላከያው ነጭ የደም ሴሎች) ስለሚያስታውሱ በ1 እስከ 4 ቀን ውስጥ ማከክ ይጀምራል።

ስለዚህ «እኔን አያሳክከኝም፣ ምን ብዬ ልታከም?» የሚል የቤት ሰው ተሳስቷል። ሳያሳክከውም ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል። አብረው የሚኖሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም ያለባቸው ለዚህ ነው።

«እንዲህ የሚያሳክከኝ ተባዩ ሰውነቴን ስለወረረው ነው»

በተለመደው እከክ መላ ሰውነት ላይ የሚገኙት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። በጣቶች መካከል ወይም በእጅ አንጓ ላይ በደንብ ካያችሁ፣ ጠመዝመዝ ያለች ቀጭን ግራጫ መስመር ልታገኙ ትችላላችሁ። መንገዷ ያ ነው። ሆድና ጭን ላይ የሚወጣው ሽፍታ ግን ተባይ በሌለበት ቦታም ይወጣል፤ አለርጂው ቦታ አይመርጥም።

«አሁንም ያሳክከኛል፣ መድኃኒቱ አልሠራም»

ይሄኛው በጣም ያሳዝነኛል፤ ሰው ቆዳውን የሚጎዳበት ነውና። ተባዮቹ ከሞቱም በኋላ ሬሳቸውና ኩሳቸው ቆዳው እስኪታደስ ድረስ እዚያው ይቆያል። ሰውነትም መቆጣቱን አያቆምም። ከ2 እስከ 4 ሳምንት ማሳከኩ ቢቀጥል የሚጠበቅ ነው። በዚህ መሀል መድኃኒቱን በየቀኑ መለቅለቅ ቆዳውን ያስቆጣዋል፣ ማሳከኩም ይብሳል። ሐኪም ያዘዘው ሁለተኛ ዙር ግን ሌላ ነገር ነው፤ መዝለል አይገባም። ለምሳሌ አይቨርሜክቲን የሚባለው የእከክ መድኃኒት እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ዘግይተው የሚፈለፈሉትን የሚይዘው ሁለተኛው ዙር ነው። ከ4 ሳምንት ካለፈ ወይም አዲስ መስመር ከታየ ወደ ጤና ተቋም መመለስ ነው።

ሳይመረመሩ የስቴሮይድ ቅባት መቀባትም አደጋ አለው። ማሳከኩን ያስታግሳል፣ ተባዩ ግን በሰላም ይራባል።

«እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ ነው»

በፍጹም። የሚተላለፈው በዋናነት ቆዳ ለቆዳ በመነካካት ነው። ተባይዋ ቆዳ ውስጥ ስላለች ገላ መታጠብ አያስወጣትም።

«ኢሚዩኒቲ (የሰውነት መከላከያ) በበዛ ቁጥር ይሻላል»

ወሳኙ የምላሹ ዓይነት ነው። ቅርፊታማ በሚባለው ከባድ እከክ የሚሰቃይ ሰው ደሙ ውስጥ አይጂኢ የሚባለው አንቲቦዲ (መከላከያው የሚያመርተው ፕሮቲን) እጅግ ከፍ ብሎ ይገኛል። ተባዮቹ ግን በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ። ምላሽ አለ፣ ግን አያድንም።

ቁንጭር ይህን በግልጽ ያሳያል። የአሸዋ ዝንብ ስትነክስ የምታስገባው ሌሽማኒያ የተባለው የቁንጭር ተህዋሲ የሚኖረው ማክሮፌጅ ውስጥ ነው፤ ማለትም ሊበላው በመጣው ሴል ውስጥ። በር ጠባቂው ቤት ተከራይቶ እንደሚኖር ሌባ ነው። አንቲቦዲ እዚያ አይደርስበትም። የሚያድነው ቲ ሴሎች ኢንተርፌሮን ጋማ የሚባል የማንቂያ መልእክት ሲያመነጩ ነው፤ ያኔ ማክሮፌጁ ይነቃና ናይትሪክ ኦክሳይድ በሚባል መርዛማ ጋዝ ተህዋሲውን ይገድለዋል። በምትኩ እንደ ኢንተርሊውኪን 4 እና 10 ያሉ መልእክቶች ከበዙ ማክሮፌጁ ሳይነቃ ይቀራል። በቤተ ሙከራ ያንኑ ተህዋሲ የተወጉ ሁለት የአይጥ ዘሮች ታይተዋል፤ አንደኛው ይድናል፣ ሌላኛው እየባሰበት ይሄዳል። ልዩነቱ ይኸው የምላሹ ዓይነት ነው።

ከልክ ያለፈ ምላሽም ይጎዳል። አፍንጫና አፍን በሚያጠቃው የበሽታው ዓይነት ተህዋሲው ጥቂት ሆኖ ሳለ ሥጋውን የሚያፈርሰው የመከላከያው ቁጣ ነው። በተቃራኒው፣ በሰውነት ላይ በሚሰራጨው ዓይነት ተህዋሲው ቆዳውን ሞልቶት እብጠቱ አይቆስልም፤ ቲ ሴሎቹ ዝም ብለዋልና። ስለዚህ አለመቁሰሉ ቀላል መሆኑን አያሳይም።

«ቁንጭሩ ጠባሳ ከሆነ ተህዋሲው ጠፍቷል»

ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጥቂት ተህዋሲዎች ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ እነዚህ ቀሪዎች መከላከያውን ንቁ አድርገው ዳግም እንዳይያዙ ሲያግዙ ታይቷል። ነገር ግን በኤችአይቪ ወይም መከላከያን በሚያዳክም መድኃኒት ምክንያት ጥበቃው ከላላ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሊጀመርላችሁ ከሆነ፣ ድሮ ቁንጭር ይዟችሁ እንደነበር ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩት።